ግራዚያኒ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት

ማስታወቂያውን ያየሁት በሰኔ የመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ ዕለት፣ ያላረምኩትን የፈተና ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ከዝናብ እያሸሸሁ ወደ ቤት ስመለስ ነበር። ፈረንጅ አራዳ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ጠርዙ የራሰ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ ፂሙ የነጣና ነጭ ኩታ የመሰለ ልብስ የተከናነበ ሽማግሌ አሻግሮ ይመለከታል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «የበረሃው አንበሳ፤ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፤ መግቢያ 100 ብር» ተብሏል። ታሪክ አስተማሪ ነኝና ፊልሙን በስም አውቀዋለሁ፤ ከዓመታት በፊትም በስልክ ላይ ቁርጥራጩን አይቻለሁ። በትልቅ ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ የማየት ዕድል ግን ጅማ ውስጥ ይገጥመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሦስት ቀን ብቻ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነበር። አዳራሹ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜና እሁድ የአውሮፓ እግር ኳስ፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ትርጉም ፊልም የሚያሳይ ነው። በግንቦት ሊጎቹ ሲዘጉ ወንበሩ ባዶውን ከሚውል አንድ ነገር እንሞክር ያሉ ሦስት ወጣቶች ከአንድ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ፕሮጀክተር ተከራዩ፤ ሰውዬው ለሰኞ የሰርግ መልስ ስለሚፈልገው ከእሁድ ማታ በላይ ሊያበድራቸው አልቻለም። ሌላ ፊልም ሳይሆን ይህንን ለምን እንደመረጡ ስጠይቃቸው አንደኛው «አባቴ ይወደው ነበር» ብሎ መለሰልኝ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልፈለግኩም።

ብቻዬን ላለመሄድ ጎረቤቴን ሐጂን ጋበዝኳቸው። ሐጂ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ከአርባ ዓመት በላይ ልብስ የሰፉ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሞ መኪናውን ለልጃቸው የለቀቁ አዛውንት ናቸው። ጀርባቸውን ስለሚያማቸው የፕላስቲክ ወንበር አይስማማቸውም። ስለዚህ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ስንደርስ የልጅ ልጃቸው ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የተሠራች ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ተሸክማ ከኋላችን ቆማለች። ትኬት የሚቆርጠው ልጅ በርጩማዋን አየና ሳቀ፤ ሐጂም «ወንበር ይዤ መጥቻለሁ፤ ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍለው» አሉት። ሃምሳ ብር ተቀበላቸው።

ሰው የተጠበቀውን ያህል አልነበረም። ሰማንያ በሚሆኑ ወንበሮች ላይ ምናልባት ሃምሳ የምንሆን ተቀምጠናል፦ ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ተማሪዎች፣ ከጁምዓ መስጊድ ጓደኝነት ያላቸው ሽማግሌዎች፣ ኳስ መስሏቸው ገብተው ለመውጣት ያፈሩ ጎረምሶች። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ድምፁ አይሰማም፤ ሲቀል ይሰማል። ወጣቶቹ በአማርኛ የተተረጎመ ቅጂ ፈልገው አላገኙም፤ ያገኙት ንግግሩ በእንግሊዝኛ ሆኖ ከሥሩ የዐረብኛ ጽሑፍ የሚያልፍበት ነው። ሐጂ ከመድረሳ ዘመናቸው ጀምሮ ዐረብኛ ያነባሉ፤ እንግሊዝኛ ግን አይሰሙም። እኔ እንግሊዝኛውን እሰማለሁ፤ ዐረብኛ ፊደል አልቆጠርኩም። ዝናቡ ድምፁን ሲውጥብኝ እሳቸው ከጽሑፉ አንብበው ይነግሩኛል፤ ጽሑፉ ፈጥኖ ሲያልፍባቸው እኔ የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ። ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጀውን ፊልም በዚህ መልክ ለሁለት አየነው።

ፊልሙን የሠራው በሶርያዋ ሐለብ ተወልዶ በአሜሪካ የሲኒማ ሙያ የተማረው ሙስጠፋ አካድ ነው። ገንዘቡ የመጣው ከሊቢያ መንግሥት ሲሆን ወጪው 35 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ ይነገራል፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ለእይታ ሲበቃ ግን ወጪውን ሳይመልስ ቀረ። አንቶኒ ኩዊን የሊቢያውን አርበኛ ኡመር ሙክታርን፣ ኦሊቨር ሪድ ሮዶልፎ ግራዚያኒን፣ ሮድ ስታይገር ሙሶሊኒን ሆነው ይጫወታሉ። ሙዚቃው የሞሪስ ዣር ነው። በሰርግ ድምፅ ማጉያ እንኳ ሲሰማ፣ በረሃውን ገና ሳናየው በረሃው ውስጥ ያስገባል።

ታሪኩ የሚነሳው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን ሊቢያን የወረረችው በ1911 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላም በምሥራቁ ክፍል፣ በቺሬናይካ፣ አረንጓዴው ተራራ በሚባለው ደጋ ላይ የመሸጉትን ተዋጊዎች ማንበርከክ አልቻለችም። መሪያቸው ኡመር ሙክታር ዕድሜው ሰባ የተጠጋ የቁርኣን አስተማሪ ነው። ፊልሙም ሽማግሌውን ሲያስተዋውቀን በጠመንጃ ሳይሆን ልጆችን ከፊቱ አስቀምጦ ሲያስተምር ነው፤ ትምህርቱም ስለ ሚዛን ከሚናገሩት የአር-ረሕማን ምዕራፍ አንቀጾች ላይ ነው። አንቀጹ ሲነበብ ሐጂ ከንፈራቸው አብሮ ተንቀሳቀሰ። ከኋላችን የተቀመጡት ሽማግሌዎችም እንዲሁ አደረጉ መሰለኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ትንሽ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ተሰምቶ ጠፋ።

ኦሊቨር ሪድ ሲመጣ በመጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወፍራም አንገት ያለው፣ የደንብ ልብሱ የጠበበው የሚመስል ፈረንጅ ነው፤ ፈረንጅ ጄኔራል ደግሞ በፊልም ብዙ አይተናል። ሙሶሊኒ ስሙን ሲጠራው ግን ሃምሳው ሰው አንድ ላይ በወንበሩ ላይ ተስተካከለ። ከፊቴ የነበረ ተማሪ ወደ ጓደኛው ዞሮ «የየካቲት 12ቱ?» አለው። ይኸው ነው። ይህን ፊልም ትሪፖሊ ወይም ካይሮ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ግራዚያኒን የሚያውቀው በመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ እኛ የምናውቀው በሁለተኛው ነው። እኛ ለትምህርት ቤት ልጆች ስናስተምር ሰውዬው ከሰማይ የወረደ ይመስል በ1928 ዓ.ም. በሶማሌ በኩል ጦር እየመራ ይገባል፤ ቀጥሎ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲሰጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ይወረውሩበታል፤ እሱ ይቆስላል፣ ከተማው ለሦስት ቀን ይታረዳል፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ይረሸናሉ። ሰውዬው ይህን ሁሉ የትና በማን ላይ ተለማምዶ እንደመጣ በመጽሐፋችን ውስጥ አንድ መስመር የለም። እኔም ራሴ ያንን መስመር አክዬ አስተምሬ አላውቅም።

ለጅማ ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን የሰጡት፣ ወደ ቦንጋ የሚሄደው አውቶቡስ በሚሻገረው በጎጀብ ወንዝ ዳር ነው፤ ያኔ እንደራሴው ግራዚያኒ ነበር። (ራስ እምሩ የታሰሩባት ፖንዛ የምትባል ደሴት በ1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን የወረደውን ሙሶሊኒን ራሱን እንደተቀበለች ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የማይስቅ የለም።) ጣሊያን ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛቷ ዋና ከተማ አድርጋ ቤት ሠርታባታለች፤ ፊልሙን ያየንበት ሠፈር ስሙን እንኳ ከፈረንጅ ነው የወሰደው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። መሐሉ ላይ ያሉት የጦርነት ትዕይንቶች ለእኔ በዝተዋል። ታንኩና ፈረሱ፣ አቧራውና ፍንዳታው መጀመሪያ ዓይን ይይዛል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ኳስ መስሏቸው የገቡት ጎረምሶች ብቻ ናቸው የሚደሰቱት። አንድ ነገር ግን ከእነዚያ ትዕይንቶች መሐል አልጠፋኝም፦ ተዋጊዎቹ ወደ ኋላ መሸሽን ለራሳቸው ለመከልከል እግራቸውን በገመድ አስረው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው የሚመጣውን ታንክ ሲጠብቁ። ሐጂ ይህን ሲያዩ ምንም አልተናገሩም፤ በርጩማቸውን ትንሽ ወደ ፊት ሳቡ።

ሌላው ቅሬታዬ ኡመር ሙክታር ጥላ የሌለው ሰው ሆኖ መሣሉ ነው። አይቆጣም፣ አይሳሳትም፣ አይጠራጠርም። ገንዘቡን የከፈለ መንግሥት ጀግናውን እንዲህ ጠርቦና አለስልሶ ቢፈልገው አይደንቅም፤ እኛም ብንሆን የራሳችንን ጀግኖች ከዚህ የተለየ አድርገን አንጽፍም። ሙክታር የነበረበት የሰኑሲያ የሱፊ መንገድ ምን እንደሆነ፣ ሰውዬውን ሃያ ዓመት ያህል በዱር ያቆመው ስንቅና ዘካ ከየት ይሰበሰብ እንደነበር ፊልሙ ብዙም አይነግረንም። የታሪክ አስተማሪ ጥያቄ ነውና ሌላውን ተመልካች ላያስጨንቀው ይችላል።

ፊልሙ ከጦርነቱ ወጥቶ ወደ ሽቦው ሲገባ ግን ይበረታል። በ1930 እ.ኤ.አ. የሊቢያ ገዥ የነበረው ባዶሊዮ (ያው ከስድስት ዓመት በኋላ ማይጨው ላይ ያገኘነው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው) እና የቺሬናይካ ምክትል ገዥው ግራዚያኒ ተዋጊውን ከሚያበላውና ከሚደብቀው ሕዝብ ለመለየት ወሰኑ። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ከነከብቱ ከደጋው ተነቅሎ በባሕሩ ዳርና በበረሃው ጫፍ በሽቦ በታጠሩ ሠፈሮች ውስጥ ተከማቸ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው በረሃብና በበሽታ አለቀ። ከግብፅ የሚመጣውን ስንቅ ለመዝጋት ደግሞ ከባሕሩ ጀምሮ ወደ ደቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሾህ ሽቦ ተዘረጋ። ሙስጠፋ አካድ እዚህ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆኑ የዘመኑን እውነተኛ ምስሎች በፊልሙ መሐል አስገብቷል። ቀለም ካለው ምስል ወደ ጥቁርና ነጩ ሲሻገር ሐጂ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው «ይኼ የእውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የእውነት ነው ሐጂ» አልኳቸው። ኩታቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

አንድ የተማረከ ወጣት የጣሊያን መኮንን አለ። ተዋጊዎቹ ሊገድሉት ሲነሱ ሽማግሌው ይከለክላቸዋል፤ እነሱ የእኛን ምርኮኛ ይገድላሉ ሲሉት ጣሊያኖች ለእኛ አስተማሪዎቻችን አይደሉም ብሎ ይመልሳል። በስልክ ላይ ካየኋቸው ቁርጥራጮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ያኔ ጥቅስ መስሎ ተሰምቶኝ አልፌዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ግን ዝናቡ አይሎ ድምፁን አጠፋብኝና ቃሉን የሰማሁት ከሐጂ አፍ ነው። ከዐረብኛው እያነበቡ፣ በዝግታ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርገው ሲነግሩኝ ጥቅስነቱ ጠፍቶ ንግግር ሆነ።

ኡመር ሙክታር ተይዞ ከግራዚያኒ ፊት ሲቀርብ፣ ሁለቱ ጠረጴዛ ለይቷቸው ሲተያዩ፣ መብራት ሄደ።

የተለመደው «ውይ!» ከየአቅጣጫው ተሰማ። ስልኮች በሩ፤ አንድ ሰው «ጄኔሬተር!» ብሎ ጮኸ፤ ወጣቶቹም ቤንዚን ፍለጋ በዝናቡ ውስጥ ባጃጅ አስነሱ። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል በጨለማ ተቀመጥን። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከፊልሙ ይልቅ ያ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

ሐጂ «እዚያው ቢቀር ኖሮ ይኼ ሰውዬ» አሉ። ከዚያም ትንሽ ቆይተው «የሊቢያ ሰው እኛን ሲወሩን ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ከባድ ነበር፤ መልሱን የማውቀው ቢሆንም ለመናገር አልቸኮልኩም። በ1928 ዓ.ም. በኦጋዴን ግንባር ግራዚያኒ ካሰለፋቸው ጦሮች አንዱ ጄኔራል ናሲ የሚባል ጣሊያናዊ የሚመራው፣ በሊቢያ የተመለመለ ክፍለ ጦር ነበር። ሽቦው ውስጥ ሕዝቡ ካለቀ ገና አምስት ዓመት አልሞላም። ይህን ስነግራቸው በስልኬ ብርሃን ፊታቸውን አየሁት፤ ያላመኑኝ መሰለኝ።

«ሊቢያውያን? እነዚህ አሁን ያየናቸው?»

«እነሱ ባይሆኑ የአገራቸው ሰዎች ናቸው፤ ሐጂ። ከዚያ በፊት ደግሞ የእኛው ነበሩ እነሱ ላይ የዘመቱት።»

ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሊያን ከኤርትራ የመለመለቻቸውን የአስካሪ ሻለቆች በመርከብ እየጫነች ወደ ሊቢያ ትልክ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የደጋ ልጆች፣ አብዛኞቹ ትግርኛ ተናጋሪዎች፣ ከወሰን ማዶ የተሻገሩም ነበሩባቸው፤ ያንን አረንጓዴ ተራራ ከጣሊያኖቹ ይልቅ በእግራቸው የለኩት እነሱ ናቸው። ፊልሙ በዚህ ላይ አይቆምም፤ ጉዳዩ ሌላ ነውና አልፈርድበትም። እኛ ግን እዚያ የተቀመጥነው ሃምሳ ሰዎች፣ ከፊልሙ በአንዱ ወገን ብቻ እንዳለን ቆጥረን ስናጨበጭብ ነበር የቆየነው።

ሐጂ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው ከሂርማታ ቡና በበቅሎ ጭነው የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ በጣሊያን ዘመን በቅሎዎቹ ተወስደው እሳቸው መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ፈለጡ። ድንጋዩን ሲያስፈልጣቸው የነበረው፣ አለንጋ ይዞ ከበላያቸው የሚቆመው፣ ሰላቶ አልነበረም፤ ከጅረን ሥር የሚኖር፣ አብረው ያደጉት ሰው ነበር። ከነጻነት በኋላ ሁለቱ ሰዎች በአንድ መስጊድ ሲሰግዱ ሃያ ዓመት ኖሩ። አባታቸው የሰውዬውን ስም ለልጆቻቸው ሳይነግሩ ሞቱ፤ ሐጂም ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቁም። «ለቀስተኛ ሆነን ቤቱ ሄደን ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል» አሉ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዳምጡን ኖሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ሐጂም መልሰው በአማርኛ ለእኔ አሉኝ፦

«የእኛ ሰው ሄዶ እነሱን ወጋ፣ የነሱ ሰው መጥቶ እኛን ወጋ። ታዲያ ጣሊያኑ ራሱ ምን ይሠራ ነበር?»

«ደመወዝ ይከፍላል» አልኳቸው።

በጨለማው ውስጥ ሦስት አራት ሰው ሳቀ። የሐጂ ሳቅ ግን ወደ ሳል ተለወጠ።

ጄኔሬተሩ ሲነሳ ፕሮጀክተሩን የያዘው ልጅ ተደናግጦ ፊልሙ የቆመበትን ቦታ ማግኘት አቃተው። ወደፊት ገፋው፣ ወደ ኋላ መለሰው፣ በመጨረሻ ከፍርዱ በኋላ ላይ አረፈ። የሁለቱ ሰዎች ንግግር በዚህ ሁኔታ አመለጠን፤ ከሰው ሁሉ ማንም ለማጉረምረም ድፍረት ያጣው፣ ሰዓቱ ስለመሸና ጄኔሬተሩ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ማንም ስላላወቀ ነው።

ስቅላቱ የተፈጸመው ሱሉቅ በሚባለው የእስረኞች ሠፈር፣ ከየሽቦው ተነድቶ እንዲያይ በተደረገ ወደ 20,000 በሚገመት ሕዝብ ፊት ነው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው አንድ ነገር ገረመኝ። ኡመር ሙክታር የተያዙት ጳጉሜን 6 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣው ቀን። በማግስቱ የእኛ እንቁጣጣሽ ነበር። መስከረም 4 ተፈርዶባቸው መስከረም 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ተሰቀሉ፤ ከመያዝ እስከ ገመድ አምስት ቀን ብቻ። ራስ ደስታ ዳምጠው በዚያው በግራዚያኒ ዘመን ተይዘው የተረሸኑት የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ በመሐሉ አምስት ዓመት ከአምስት ወር አለ። በፊልሙ ላይ ገመዱ ሲጠብቅ የሽማግሌው መነጽር ከእጁ ይወድቃል፤ አንድ ሕፃን ልጅ ከሰው እግር መሐል ሹልክ ብሎ ያነሳዋል። ይህ የዳይሬክተሩ ፈጠራ ነው፤ እንባ ለመጥራት የተቀመጠ መሆኑም ያስታውቃል። ሆኖም መጣልኝ፤ ምን ላድርግ። ሐጂም የራሳቸውን መነጽር አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ነበር።

ጣሊያን ይህን ፊልም በ1982 እ.ኤ.አ. የሠራዊቱን ክብር ይነካል ብላ በሲኒማ ቤቶቿ እንዳይታይ ከልክላለች። በቴሌቪዥን የታየው በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ጋዳፊ ኡመር ሙክታር በሰንሰለት ታስረው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሮም በገቡበት ወር ነው። ግራዚያኒን በተመለከተ፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1950 እ.ኤ.አ. ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ወራት ብቻ ታስሮ ተፈታና በ1955 እ.ኤ.አ. በአልጋው ላይ ሞተ። ለሊቢያም ሆነ ለእኛ ችሎት ፊት አልቆመም። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። እነዚህን ከአዳራሹ ስንወጣ ለሐጂ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር። «የዘለሉብን ቦታ ላይ ምን ተባባሉ?» አሉኝ።

እሁድ የመጨረሻው ቀን ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፣ ወደዚያ ትዕይንት ይደርሳል ብለን በገመትንበት ሰዓት፣ ሐጂን ይዤ ተመለስኩ። በዚህኛው ቀን በርጩማ አልያዝንም፤ ትኬት ቆራጩ አወቀንና «ግቡ፣ ግቡ፤ የናንተ ዕዳ አለብን» ብሎ አሳለፈን። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ከትናንቱ ይልቅ ሰው በዝቷል፤ ዝናብም የለም።

ግራዚያኒ ከሊቢያ ምድር የተገኘ የጥንት የሮማ ሳንቲም አውጥቶ ለእስረኛው ያሳየዋል፤ ቄሣሮቻችን እዚህ ስለነበሩ አገሩ የእኛ ነው ለማለት ነው። ሽማግሌው ሳንቲሙን ተመልክቶ፣ የግሪኩንና የፊንቄውንም ሳንቲም እዚያው አፈር ውስጥ ታገኛለህ ይለዋል። ኦሊቨር ሪድ ለአንድ አፍታ የሚመልሰው ሲያጣ ፊቱ ላይ የሚያልፈው ነገር ከጦርነቱ ትዕይንቶች ሁሉ ይበልጥብኛል። እኔ እንግሊዝኛውን ሰምቼ ለሐጂ ልነግራቸው ስዞር እሳቸው ከጽሑፉ ቀድመው አንብበውት፣ አፋቸውን በኩታቸው ይዘው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነው። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

«ምነው ሐጂ?»

«የባለቤቴ ድሪ ላይ ሁለት ማርትሬዛ አለ» አሉኝ በጆሮዬ። «እንግዲህ ኦስትሪያ መጥታ ትውሰዳት።»